ሴባስቶፖልን እየጎተቱ ዕረፍት የለም



ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ሊያስቀይም ይችላል። ነገር ግን ለዓመታት በልቤ ሲብላላ የኖረ ስለ ሆነ ዝም ማለት አልቻልሁም። እኛ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ስለ ዕረፍት ብዙ እንዘምራለን፥ ብዙም እንሰብካለን። የደከመ ሰው ስናይ ወደ ጌታ ዕረፍት እንጋብዘዋለን። ራሳችን ግን ማረፍ አናውቅም። የማያውቁትን ማስተማር ደግሞ ውሎ አድሮ ሰው ይሰብራል።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወደ እናቴ ቤት፥ ወደ ደብረ ታቦር ወጣሁ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፥ ከባሕር ዳር ወረታ፥ ከወረታ ደግሞ ሽቅብ ወደ ደጋው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የእኔ ነው ብዬ ነበር። ዝናቡ፥ ጉሙ፥ የእናቴ ቡና፥ የገብስ ቆሎው፥ ሁሉም እንደ ድሮው ጠበቀኝ። እኔ ግን አልደረስሁም። ስልኬ በእጄ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ወደ ጉብታው እወጣለሁ። የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ቡድን አለ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ የቴሌግራም ቡድን አለ፤ ከመስከረም በፊት ሊደረግ የታሰበ ኮንፈረንስ አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነቃና ያልጨረስሁትን ሥራ እቆጥራለሁ። ጠዋት መጽሐፍ ቅዱሴን ስገልጥ አንድ ምዕራፍ አንብቤ ምን እንዳነበብሁ አላውቅም።

በአምስተኛው ቀን እናቴ ሦስተኛውን ስኒ እየቀዳች፥ «ልጄ፥ ሰውነትህ መጣ እንጂ አንተ እኮ አልመጣህም» አለችኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ከእርሻ ሲመለስ አየሁት። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቀንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ፥ በሬዎቹን ፊት ፊት እየነዳ ይመጣል። «ምነው ዛሬ በጊዜ ፈታህ?» አልሁት። «በሬውን ዛሬ ብጨርሰው ነገ በምን አርሳለሁ?» ብሎኝ አለፈ። መጽሐፍ ቅዱስ አልጠቀሰም። ከእኔ ይልቅ ግን ማቴዎስ 11ን የገባው እሱ መሰለኝ። ጌታ ስለ ቀንበሩ ልዝብነትና ስለ ሸክሙ ቀላልነት የተናገረው፥ ቀንበርና በሬ ለሚያውቁ ሰዎች ነበር። ቀንበር የሚጫን ብቻ ሳይሆን የሚፈታም ነገር ነው። እኔ ቀንበሬን ከነሞፈሩ ይዤ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዤ ነበር።

ስለዚህ ሸክም ስናገር አንድ የአገራችንን ታሪክ ላንሣ። ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙም ሳይርቅ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ከ1848 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወደ አገራችን የመጡ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ወንጌላውያን ነበሩ። የተላኩት ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና የወንጌል ማኅበር ሲሆን፥ የላካቸውም በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ነው። ዓላማቸው በእጃቸው እየሠሩ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ለሕዝቡ ማድረስ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ጋፋት ላይ አስቀምጠው መድፍ እንዲያፈስሱ አዘዙአቸው። እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፥ እነ ዛልሙለር በዚያ ሠሩ። ከእጃቸው ከወጣው ሁሉ ትልቁ ወደ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው።

በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖልንም በሠረገላ ጭነው፥ በመቶ በሚቆጠር ሰው እያስጎተቱ፥ ገደል እየቆረጡ፥ መንገድ እየጠረጉ ሄዱ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ይሠሩ እንደ ነበር ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። ጉዞው እስከ መጋቢት ድረስ ወደ ስድስት ወር ፈጀ። በሚያዝያ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ የተደከመበት መድፍ ንጉሡን አላዳናቸውም። ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል። የአዲስ አበባ ሰው አምሳያውን ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ በየቀኑ ያየዋል።

የንጉሡን ጀግንነት ለማሳነስ አይደለም ይህን የማነሣው። ለራሳችን ነው። እያንዳንዳችን ያለ እሱ የምንጠፋ የሚመስለን አንድ ሴባስቶፖል አለን። ለአንዱ ሥራው ነው፤ ለሌላው ስሙ ነው፤ ለሌላዋ ልጆቿን የምታስተምርበት ገንዘብ ነው፤ ለአገልጋዩ ደግሞ አገልግሎቱ ነው። እሱን እየጎተትን ወደ ዕረፍት እንወጣለን። ሐይቅ ዳር ብንቀመጥ፥ ተራራ ላይ ብንወጣ፥ ገመዱ ከትከሻችን አልወረደም። ከዚያ ተመልሰን «ፈቃድ ወጥቼ ነበር፥ ግን ደክሞኝ ነው የመጣሁት» እንላለን።

ይህ በየዋህነት የሚደረግ ስሕተት ብቻ ቢሆን ዝም ባልሁ ነበር። ነገር ግን ትምህርት አድርገነዋል። የምቃወመውም ይህን ትምህርት ነው።

«ሰይጣን አያርፍም» ስለሚለው አባባል

ከመድረክ ስንት ጊዜ ሰማነው? «ሰይጣን ፈቃድ አይወጣም፤ አንተ ለምን ታርፋለህ?» ይባላል። ሰውም አሜን ይላል። እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ከመቼ ወዲህ ነው የክርስቲያን አርአያ ሰይጣን የሆነው? አለማረፍ የእሱ ጠባይ ከሆነ፥ እኛ ለምን እንወርሰዋለን? እኛ የምንመስለው በሰባተኛው ቀን ከሥራው ሁሉ ያረፈውን አምላክ ነው። እሱ ደክሞት አይደለም ያረፈው፤ ሥራው መልካም ስለ ነበረና ስለ ተፈጸመ ነው።

ማርቆስ 6ን ተመልከቱ። ሐዋርያት ከአገልግሎት ጉዞ ተመልሰው የሠሩትን ሁሉ ለጌታ ነገሩት። የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። ጌታ ምን አላቸው? ቀጣዩን ፕሮግራም አልሰጣቸውም። ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ ጠራቸው። ልብ በሉ፥ ትእዛዝ ነው። ሕዝቡ ቀድሞአቸው በደረሰ ጊዜም ጌታ ራሱ አዝኖላቸው አስተማረ፤ ዕረፍትን ግን ስሕተት ነበር አላለም።

ማርቆስ 1ንም ተመልከቱ። ጴጥሮስ ሁሉ ይፈልግሃል ብሎ ሲመጣ፥ ጌታ ገና ሳይነጋ ወጥቶ ለብቻው ሲጸልይ አገኘው። ወደሚፈልጉት ሰዎች ግን አልተመለሰም፤ ወደ ሌላ መንደር ሄደ። የዓለም መድኃኒት ሁሉ እየፈለገው «አይሆንም» ብሎ ያውቃል። አንተ ግን የመዘምራን ልምምድ አንድ ቀን ብትቀር መንግሥተ ሰማያት የሚዘጋ ይመስልሃል። ወንድሜ ሆይ፥ ይህ ቅንዓት አይደለም። ትሕትና የጎደለው ነገር ነው። መዝሙር 127 ማልዶ መነሣትንና አምሽቶ መቀመጥን ከንቱ የሚለው፥ እንቅልፍን ደግሞ ለሚወዳቸው ልጆቹ ከእግዚአብሔር የሚመጣ ስጦታ የሚያደርገው በከንቱ አይደለም። የሚተኛ ሰው በየማታው «ዓለምን የያዝሁት እኔ አይደለሁም» ብሎ ይመሰክራል።

ቀኑን ጣልን፥ ዕረፍቱንም አብረን ጣልን

አሁን ደግሞ በጣም የሚያሳምመውን ልናገር። እኛ ከደቡብ ጎንደር የወጣን አማኞች ወንጌልን ስንቀበል መጀመሪያ ያሾፍነው በእናቶቻችን በዓል ነው። በ12 ሚካኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ27 መድኃኔ ዓለም፥ በ29 በዓለ ወልድ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጭራሽ አይታረስም። «ይህ ነው አገራችንን ያደኸያት» አልን። «ስንፍና ነው» አልን። እኔም ብያለሁ። እናቴ ፊት ተናግሬ እንባዋን አይቻለሁ።

ወደ ሕግ ቀንበር እንመለስ አልልም። በገላትያ 5 ክርስቶስ ነፃ ያወጣን ለነፃነት እንደ ሆነ እናምናለን። በቆላስይስ 2 ስለ በዓልና ስለ ሰንበት ማንም እንዳይፈርድብን ተነግሮናል። ነገር ግን ያው ቃል ስለ በዓል በሌላው ላይ እንዳንፈርድም ያስተምረናል፤ ሮሜ 14ን አንብቡ። ደግሞስ የዚህ አገር ሰው ስለ ሰንበት የተከራከረው ከስንፍና ነው? የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ስለ ቅዳሜ ሰንበት ተሰደዱ፥ ተገለሉ፤ ነገሩ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ እስኪወሰን ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ተሟገቱበት። አባቶቻችን ለዕረፍት ቀን ዋጋ ከፈሉ። እኛ በቀልድ ጣልነው።

ቀኑን ስንጥል በምትኩ ምን ተከልን? ዕብራውያን 4 ለእግዚአብሔር ሕዝብ ዕረፍት እንደ ቀረለት ያስተምራል። በእምነት የሚገባበት ዕረፍት ነው። ጥሩ። ታዲያ በእምነት የገባው ሰው የታለ? ሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ፥ ቅዳሜ ልምምድና ስብሰባ፥ እሑድ ሁለት ፕሮግራም፥ ማታ ደግሞ የጸሎት ሰንሰለት። ያላመንነው ጎረቤታችን በሬውን ይፈታል፥ ዳዊቱን ይደግማል፥ ከጎረቤቱ ጋር አቦል፥ ቶና፥ በረካ ይጠጣል። እኛ በጸጋ የዳንነው ግን እንደ ፈርዖን ጡብ ሠሪዎች እንሮጣለን። በጸጋ እናምናለን እያልን ኑሯችን «ካልሠራሁ አልወደድም» ይላል። ከዚህ የከፋ የወንጌል ተቃራኒ ስብከት አለ?

«ጭንቀት ኃጢአት ነው» ስለሚለው ፍርድ

ሦስተኛው የምቃወመው ነገር ይህ ነው። ሰው ጨነቀኝ ሲል ፊልጵስዩስ 4ን ጠቅሰን እንዘጋዋለን። ካልዳነ እምነቱ ጎድሏል፤ እንቅልፍ ካጣ ምሥጢራዊ ኃጢአት አለበት። ይህ እረኝነት አይደለም። ኢዮብን የጎበኙት ሦስቱ ወዳጆች እንዲህ ነበር የተናገሩት፥ እግዚአብሔርም ተቆጣቸው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ያንን ክፍል ሲጽፍ የተጨነቀውን አልከሰሰም፤ የሚጥልበትን ቦታ አሳየው። በ1ኛ ጴጥሮስ 5 የምንጥለው ጭንቀት ያለን መሆኑ ታምኖ ነው የተነገረን። የሌለውን ማን ይጥላል?

ደግሞም የሕዝባችንን ሁኔታ አትርሱ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ እስከ ደብረ ታቦር ደጃፍ ደረሰ። ከባድ መሣሪያ ከተማዋ ላይ ወደቀ፥ ሰውም ሞተ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ እንደገና የተኩስ ድምፅ፥ የተዘጋ መንገድ፥ የጠፋ ስልክ ሆነ። ልጇ የት እንዳደረ የማታውቅ እናት በር ሲንኳኳ ብትደነግጥ ኃጢአት ሠራች? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ግጭት ባለበት አካባቢ ከሚኖሩ 5 ሰዎች 1 ያህሉ ከአእምሮ ጤና ችግር ጋር ይኖራል። ሃምሳ ሰው በሚሰበሰብበት ሕብረት ውስጥ አሥሩ ማለት ነው። እነዚህን አሥሩን ገሥጸን ልንልካቸው ነው?

ሰውነታችንን የሠራው እግዚአብሔር ነው። አደጋ ሲመጣ ልብ እንዲመታ፥ እስትንፋስ እንዲፈጥን፥ ጡንቻ እንዲወጠር አድርጎ ሠራው። ችግሩ አደጋው ካለፈ በኋላም ሰውነት ማንቂያውን ሳያጠፋ ሲቀር ነው። በሥራ ብዛት የሚመጣውንም ዝለት የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል። እንዲህ ያለ ሰው ፈቃድ በወጣ ማግስት ደስተኛ አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ይብሱበታል። ራሱ ይታመማል፥ ይቆጣል፥ ባዶነት ይሰማዋል። ይህ አጋንንት አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ የተወጠረ ገመድ ሲላላ የሚሰማ ነገር ነው።

ኤልያስን አስቡት። በ1ኛ ነገሥት 19 ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ገሠጸው? አላደረገም። አስተኛው። መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። ደግሞ አስተኛው፥ ደግሞም አበላው። ስለ አገልግሎቱ የጠየቀው ከዚያ ሁሉ በኋላ ኮሬብ ሲደርስ ነው። እኛ ግን በተቃራኒው እናደርጋለን፤ ለተራበና ላልተኛ ሰው መጀመሪያ ስብከት እንሰጠዋለን።

ወደ ጋፋቱ ዋልድማየር ልመልሳችሁ። ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደ። በዚያ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በሽምግልናው ደግሞ ቤይሩት አጠገብ አስፉርየህ በሚባል ቦታ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲቋቋም ደከመ። ሥራው በ1896 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፥ ሆስፒታሉም በ1900 ተከፈተ። በዚያ ዘመን የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር፤ አጋንንት ለማውጣት ተብሎም ይደበደቡ ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ መድፍ ያፈሰሰው ያ እጅ በመጨረሻ ለተጨነቁ ሰዎች አልጋ አነጠፈ። ወንጌላዊ ነኝ የምትል ወገኔ፥ የዚህ ምድር ታሪክህ ይህ ነው። ሐኪም ጋ መሄድን እንደ ክሕደት የሚቆጥር ትምህርት ከአባቶችህ አልመጣም። ጭንቀቱ ለሳምንታት ከቀጠለ፥ እንቅልፍና ምግብ ካስተወህ፥ መኖር ካስጠላህ፥ ለሚታመን ሰው ንገር፤ ወደ ጤና ተቋምም ሂድ። በጸሎትና በመድኃኒት መካከል ጠብ የለም።

የአንተ ዕረፍት የማን ድካም ነው?

ዘዳግም 5 ስለ ሰንበት ሲናገር አንድ የሚረሳ ነገር አለው። የሚያርፈው የቤቱ ጌታ ብቻ አይደለም። ወንድና ሴት አገልጋዩ፥ በሬውና አህያው፥ በደጁ ያለው መጻተኛም ያርፋሉ። ምክንያቱም እስራኤል በግብፅ ባሪያ ነበሩ።

እኛስ? ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ ስንሄድ ሌሊት ተነሥታ እንጀራ የምትጋግረው እናታችን ናት። ሽንኩርት ስትከትፍ የምትውለው እህታችን ናት። ከተማ ያለው ቤታችን ውስጥ ደግሞ ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ አለች፤ እኛ ስናርፍ እንግዳ ስለሚበዛ የእሷ ሥራ ይጨምራል። እኔም በዚያ ክረምት አምስት ቀን ሙሉ እግሬን ዘርግቼ ስለ ድካሜ ሳስብ የእናቴን እጅ አላየሁም ነበር። ሌላውን አድክሞ የሚገኝ ዕረፍት የፈርዖን ዕረፍት ነው፤ ፈርዖንም ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሳያርፍ አልቀረም።

የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ሆይ፥ ለእናንተም ቃል አለኝ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለአንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ በየሁለት ዓመቱም አንድ ቀን ይጨምራል። ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ነው። ሕግ አውጪው ሰው ብሩን መርጦ ራሱን እንዳይጨርስ አሰበለት። ስለ አገልጋዮች በሕግ ክርክር ውስጥ አልገባም። ነገር ግን ቄሣር 16 ቀን ሲሰጥ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ለወንጌላዊዋ አንድ ቀን ካልሰጠች ያሳፍራል። በገጠር አጥቢያ በእግሩ እየዞረ የሚያገለግለው ወንድም፥ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የተቀመጠበትን ሙሉ ቀን ያስታውስ እንደ ሆነ ጠይቁት። ከዚያ ሲወድቅ «ጸሎት ቀንሶ ነው» አትበሉ።

ታዲያ እንዴት እናርፋለን?

ከዚያ ክረምት የተማርሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፥ ከመውጣትህ በፊት ሥራህን አስረክብ። የቀረውን በወረቀት ጻፈው፥ ለሚተካህ ሰው ስጠው፥ በምን ብቻ ሊደውልልህ እንደሚችል ተስማማ። ያልተጻፈ ሥራ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይቀሰቅሳል።

ሁለተኛ፥ ስልክህን ቀጥረው። እኔ ለእናቴ ሰጠኋት። መሶቡ ሥር አስቀመጠችው፤ በቀን አንድ ጊዜ፥ ከምሳ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ትሰጠኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እጄ ኪሴን ሲፈልግ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ረሳሁት። መሥሪያ ቤቱም አልፈረሰም፥ ኮንፈረንሱም ተካሄደ።

ሦስተኛ፥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ምንም አታቅድባቸው። ተኛ። ብላ። በእግርህ ሂድ። እኔ ወደ ክምር ድንጋይ መንገድ ወጥቼ ጉናን ከሩቅ እያየሁ እመለስ ነበር። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ርብና ጉማራ ከዚያ ተነሥተው ጣናን ይመግባሉ። ተራራው ሳይጨነቅ ሐይቁን እንደሚሞላ ሳይ ልቤ ቀለለኝ።

አራተኛ፥ ጭንቀቱ ሲመጣ አትታገለው፤ ስሙን ጥራው። ቁጭ በል፥ አየር ሳብ፥ ከሳብኸው በላይ ረዘም አድርገህ ቀስ ብለህ አስወጣ፥ ደግመህ ደጋግመህ። ከዚያ ለጌታ በስሙ ንገረው፤ «የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ያስጨንቀኛል» በል። ጠቅለል ያለ ጸሎት ጠቅለል ያለ ጭንቀት ይተውልሃል።

አምስተኛ፥ ሌላው እንዲያርፍ አድርግ። ሽንኩርቱን አንተ ክተፍ። ቡናውን አንተ ቁላ። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፥ ቀጥሎ ተቆጣች፥ በመጨረሻ ግን ቁጭ አለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሰዓት ላይ ቁጭ ብላ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ስድስተኛ፥ ዕረፍትህን በመንፈሳዊ ፕሮግራም አትሙላው። የጥሞና ጊዜህ አጭር ይሁን፤ አንድ ክፍል ለሳምንት ይበቃል። ጌታ ከአንተ ጋር መሆን የሚወድ እንጂ ሪፖርት የሚጠብቅ አይደለም።

ይህን ስጽፍ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ፈቃድም ገንዘብም መንገድም እንደሌላችሁ አውቃለሁ። አገራችሁ መግባት የናፈቃችሁ፥ በስልክ እንኳ የእናታችሁን ድምፅ መስማት የቸገራችሁ አላችሁ። ዕረፍት የሆቴልና የጉዞ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ወንጌል ለሀብታም ብቻ ይሆን ነበር። ጌታ ግን በማዕበል መካከል በታንኳው ኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር። ማዕበሉ ሳይቆም። ደቀ መዛሙርቱ ግድ የለህምን ብለው ቀሰቀሱት፤ እሱ ግን ግድ የሌለው ሆኖ አይደለም የተኛው፥ አባቱን ስለሚያምን ነው። አንድ ከሰዓት፥ አንድ ሰዓት፥ አንድ ስኒ ቡና በጌታ ፊት ያለ ስልክ ይቻላል። ከዚያ ጀምሩ።

የእኔ ፈቃድ ያለቀው በቡሄ፥ ነሐሴ 13 ነበር። ልጆች ጅራፍ እያጮሁ በየደጁ ሲዞሩ እናቴ ሙልሙል ትሰጣቸው ነበር። ከተማዋ ስሟን የምትጋራው በዓል ነው፤ ወንጌል የተራራውን ስም ባይጠራም የአባቶች ትውፊት ታቦር ይለዋል። ጴጥሮስ በዚያ ሦስት ዳስ ሠርቶ ሊቀር ፈለገ። በክብር ፊት ቆሞ እንኳ ሥራ አሰበ! ከሰማይ የመጣው ድምፅ ግን ስለ ዳስ አልተናገረም፤ ልጁን እንዲሰሙት ብቻ ነገራቸው። ከዚያም ወረዱ፤ ከተራራው ሥር የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅና የተጨነቀ አባት ይጠብቁአቸው ነበር። ከተራራ የምንወርደው ወደዚያ ነው። ያላረፈ ሰው ግን ለዚያ አባት የሚሰጠው የለውም፤ ከታች የቀሩት ዘጠኙ ሞክረው አቅቶአቸው ነበር።

አባት ሆይ፥ እየጎተትን ያመጣነውን ሁሉ ከፊትህ እናወርዳለን። ስለ ኩራታችን ይቅር በለን። በእናቶቻችን ዕረፍት ስላሾፍን፥ የተጨነቁትን ስለ ፈረድንባቸው ይቅር በለን። በደቡብ ጎንደር፥ በመላው አማራ ክልልና በአገራችን ሁሉ እንቅልፍ ያጡትን አስተኛቸው፥ የተራቡትን አብላቸው፥ ከዚያም ቀስ ብለህ አናግራቸው። በኢየሱስ ስም፥ አሜን።

ዛሬ ማታ ገመዱን ፍቱት። ጌታ ይባርካችሁ።